ልጆቻችሁን ስለ ምን ታመሰግናላችሁ? እናቶች ኑ፣ አባቶችም ግቡ

ልብስ ሰፊዋ (አራት ኪሎ)
እሁድ፣ ማታ 2:20

እንዴት አመሻችሁ።

ሰሞኑን የእናቶች ቀን ነው እየተባለ ልጆች ለእናቶቻቸው የሚጽፉትን ሳነብ ሰነበትኩ። ደስ ይላል፣ አንዳንዱም ያስለቅሳል። እኔ ግን የተገላቢጦሹን መጻፍ አማረኝ። ልጆቼን ማመስገን እፈልጋለሁ።

እርግጥ ሁላችንም "እደጉልኝ፣ ተባረኩልኝ" እንላለን። እሱ ምርቃት ነው፣ አይቅር። እኔ የምለው "እንዲህ ያደረግሽልኝን አልረሳሁም፣ አመሰግናለሁ" ብሎ ነገሩን ለይቶ መንገር ነው። እናት ለልጇ የከፈለችው ዋጋ ሁሌ ይወራል። ልጅ ገና በትንሽነቱ ለእናቱ ያደረገው ግን ማንም ሳያነሳው ያልፋል።

ሦስት ልጆች አሉኝ። ልብስ እሰፋለሁ። አባታቸው ሥራው ክፍለ ሀገር ስለነበር አብዛኛውን ጊዜ ቤቱ የእኔና የልጆቹ ነበር።

ትልቋ አራተኛ ክፍል እያለች ዓይኔ ይደክም ጀመር። ማሽኑ ላይ ብዙም አልቸገርም። ለዘምዘማና ለቁልፍ ግን የእጅ መርፌ ነው፣ ክር ማስገባቱ አቃተኝ። ደንበኛ እንዳይሸሸኝ ብዬ ለማንም አልተናገርኩም። እሷ ግን አይታኛለች። አንድ ቀን ጠዋት ሥራ ልጀምር ስቀመጥ መርፌዎቹ ስፖንጁ ላይ ተደርድረዋል። ሁሉም ክር ገብቶባቸዋል። ነጭ፣ ጥቁር፣ ቡኒ፣ ሰማያዊ። ጫፋቸው ሁሉ ተቋጥሯል። እሷ ዩኒፎርሟን ለብሳ ሻይዋን ትጠጣለች። ቀና ብላም አላየችኝ። በነጋታውም እንደዚያው፣ በሳልስቱም። ማታ ማታ ሳታውቅ ቆሜ አየኋት። ክሩን በከንፈሯ ታረጥባለች፣ አንድ ዓይኗን ጨፈን ታደርጋለች፣ አምፖሉ ሥር ትይዝና ሰተት ታደርገዋለች። መነጽር ከገዛሁ በኋላ እንኳ አላቋረጠችም። ስንት ሙሽራና ስንት ሚዜ በእሷ መርፌ አልብሻለሁ።

ሁለተኛው ወንድ ነው። ለእንቁጣጣሽ ወንዶቹ አበባና መልአክ እየሣሉ ጎረቤት እንደሚያዞሩ ታውቃላችሁ። አንድ ዓመት ለሰው ሁሉ መልአክ ሣለ። ለእኔ ግን ሲንጀሬን ሣለልኝ። ዙሪያውን አደይ አበባ፣ መሃል ላይ ማሽኑ። መዘውሩ ከእኔ ይበልጣል። እኔ ሻሼን አስሬ ጎንበስ ብያለሁ፣ አጠገቤ የሻይ ብርጭቆ አለ፣ ከብርጭቆው ጭስ ይወጣል። ሳንቲም ላወጣ ስል "የአንቺ አይከፈልበትም" አለኝ። እስከ ዛሬ መዝሙረ ዳዊቴ ውስጥ ናት።

ትንሿ ደግሞ ጠያቂ ናት። ብሔራዊ ሙዚየም አፍንጫችን ሥር ስለሆነ አንድ ቅዳሜ ይዣት ገባሁ። አስጎብኚው ስለ ድንቅነሽ ነገረን። በ1967 አፋር፣ ሐዳር ላይ እንደተገኘች፣ ዕድሜዋ 3.2 ሚሊዮን ዓመት እንደሆነ። ቀጥሎ ወደ ሰላም ወሰደን። ሰላም ዲኪካ ላይ በ1993 የተገኘችው ሕፃን ናት፣ ስትሞት ሦስት ዓመት ገደማ ነበረች። ልጄ "ድንቅነሽ እናቷ ናት?" ብላ ጠየቀች። አይደለችም፣ እንዲያውም ሕፃኗ ወደ 100 ሺህ ዓመት ትቀድማታለች አላት። ዝም ብላ አሰበችና "የሰላም እናትስ? ማን እየፈለጋት ነው?" አለችው። ሰውየው መልስ አጣ። ወጥተን ታክሲ ስንጠብቅ እጄን ጥብቅ አድርጋ ይዛ "አንቺ እንዳትጠፊ፣ እኔ ግን እፈልግሻለሁ" አለችኝ።

ስለ መርፌው፣ ስለ ሥዕሉ፣ ስለዚች ቃል አመሰግናቸዋለሁ። እናንተስ? ምረቃና ሠርጉን ለሌላ ጊዜ እናቆየውና ትንንሹን ጻፉልኝ።

ሲስተር ነኝ
እሁድ፣ ማታ 2:51

እህቴ፣ መርፌዎቹ ጋ ስደርስ ማንበብ አቆምኩ። ትንሽ ቆይቼ ነው የቀጠልኩት።

እኔ እናቶችና ሕፃናት ክፍል ነው የምሠራው። እናቶች የሚያስቀምጡትን ነገር ሳይ ብዙ ጊዜ የሚገርመኝ የክትባት ካርድ ነው። ልጆች ሲወለዱ የሚሰጠው አለ፣ ከዚያ በ6 ሳምንት፣ በ10፣ በ14፣ ኩፍኙ በ9 ወርና በ15 ወር። ጨረስን ብለው ብዙዎቹ ይጥሉታል። አትጣሉት። የልጃችሁ የመጀመሪያ ታሪክ እኮ እዚያ ላይ ነው ያለው። ክብደቱ፣ ቀኑ፣ ያኔ የመዘገበው ሰው የእጅ ጽሕፈት።

የኔን ልጅ ካመሰገንኩ በዚህ ነው። ከአዳር ሥራ ስመጣ እንቅልፍ እንዳላጣ የበሩን ማጠፊያ ዘይት የቀባው እሱ ነው። ስምንት ዓመቱ ነበር። ሲጢጥ የሚለው እንዳይቀሰቅሰኝ ብሎ። የምግብ ዘይት ነው የቀባው፣ በሩ እስከ ዛሬ ወዙ አለበት።

ኡሚ ከቤኒን ሰፈር
እሁድ፣ ማታ 3:15

ማሻአላህ፣ አላህ ያሳድግልሽ።

እኔ ሳምቡሳ ጠብሼ አስረክባለሁ። ረመዳን ሲሆን ሥራው እጥፍ ነው፣ ስተኛ እንደ ግንድ ነው የምተኛው። ሱሁር ያመልጠኝ ነበር። ልጄ ይህን አይታ ስልኬን ወሰደችና ትራሷ ሥር ማስቀመጥ ጀመረች። ደወሉን አጥፍታ ንዝረት ላይ ታደርገዋለች፣ ሕፃኑ ወንድሟ እንዳይነቃ። ቀድማ ትነሳና ሻይ ትጥዳለች። ከዚያ እግሬን ነካ ነካ አድርጋ "ኡሚ፣ ሰዓቱ ሊያልፍ ነው" ትለኛለች። ያኔ እሷ ራሷ የምትጾመው ግማሽ ቀን ነው፣ ሕፃን ነቻ!

ማታ ደግሞ አዛን ሳይል ሳምቡሳውን በሰሃን ይዛ ጎረቤቶቻችን ጋ ታደርሳለች። ክርስቲያኖች ናቸው። ሰሃኑ ባዶውን ተመልሶ አያውቅም። ይህን ሁሉ ስታደርግ አንድም ቀን "ደከመኝ" ስትል አልሰማኋትም። አንቺ ስትጽፊ ነው አመስግኜያት እንደማላውቅ ትዝ ያለኝ። ነገ ከትምህርት ቤት ስትመለስ እነግራታለሁ።

ታዛቢው
እሁድ፣ ማታ 3:40

ጥሩ ጽሑፍ ነው፣ እህቴ። ግን አንድ ነገር ልበል። ልጅን ፊት ለፊት ማመስገን ያሞላቅቃል። ወላጆቻችን እኛን ሲያመሰግኑ ሰምተን አናውቅም፣ ሰው ግን ሆነናል። ደግሞ ልጅን እንዲህ ሰው ፊት ማውጣት ዓይን ያስበላል ይባላል። ክፉ አድርጋችሁ አታዩብኝ።

ልብስ ሰፊዋ (አራት ኪሎ)
እሁድ፣ ማታ 3:58

ወንድሜ፣ ክፉ አላየሁብህም። እኔም በዚያው ነው ያደግኩት።

ግን ሙገሳና ምስጋና ለየቅል ናቸው። "አንቺ እኮ ቆንጆ ነሽ፣ አንደኛ ነሽ" እያልኩ ባሳድጋት ልትሞላቀቅ ትችላለች። "ክሩን ስላስገባሽልኝ ሥራዬን በሰዓቱ አስረከብኩ" ብላት ግን የምታውቀው ለቤቷ ምን እንደጠቀመች ነው። ይህ ኩራት አይሆንባትም። ዓይኑን በተመለከተ ስማቸውን አልጻፍኩም፣ ፎቶም አላወጣሁም። የቀረውን እግዜር ይጠብቃቸው።

የመሃል ልጅ
እሁድ፣ ማታ 4:10

@ታዛቢው እናቴ ሰባት ነን የወለደችን። "አመሰግናለሁ" ከአፏ ወጥቶ አያውቅም። ነገር ግን ማታ እራት ላይ ትልቁ ጉርሻ ለማን እንደሚዞር ሁላችንም እናይ ነበር። ውሃ የቀዳ፣ ታናሹን ያጠበ፣ ሱቅ የተላከ ያውቀዋል። ከሽሮው ውስጥ ፈልጋ ቃሪያውን ትጠቀልልበታለች። ስለዚህ ወላጆቻችን አያመሰግኑም ማለት ይከብደኛል። በእጃቸው ነበር የሚያመሰግኑት።

ካዛንቺሴው
ሰኞ፣ ጠዋት 1:35

እንደምን አደራችሁ። አባት ነኝ፣ ግን ባለቤቴን ወክዬ ነው የምጽፈው፣ እሷ መጻፍ አትወድም።

ካዛንቺስ ተወልደን፣ እዚያው ተጋብተን፣ እዚያው ወለድን። ሰፈሩ ለልማት ሲነሳ ኮንዶሚኒየም ገባን። ቤቱ ጥሩ ነው፣ ውሃም መብራትም አለው። ባለቤቴ ግን ከሳች። ቡና ስታፈላ የሚጠጣላት ሰው የለም። ካዛንቺስ እያለን ልጁ "ቡና ደርሷል" ብሎ በየበሩ ይጠራል፣ አምስት ስድስት ሰው ወዲያው ይመጣል። አዲሱ ብሎክ ላይ ማን ማን እንደሆነ አይታወቅም። ሁሉም በሩን ዘግቶ ነው።

አንድ እሁድ እሷ ለራሷ ብቻ ትንሿን ጀበና ጣደች። ልጃችን ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ዝም ብሎ ወጣ። እኛ ሊጫወት የሄደ መስሎናል። ለካ ከምድር ቤት ጀምሮ እስከ አራተኛ ፎቅ በር እያንኳኳ "እማዬ ቡና ኑ ብላለች" እያለ ነው። እሷ ምንም አላለችም! መጀመሪያ አንዲት አሮጊት መጡ። ከዚያ አንዲት አራስ ልጇን ታቅፋ፣ ከዚያ ሁለት የባንክ ሠራተኞች። ባለቤቴ ደንግጣ ትልቁን ጀበና ከካርቶን አወጣች። ከተዛወርን ጀምሮ አልተፈታም ነበር። ስኒ አልበቃንም፣ አሮጊቷ ከቤታቸው አስመጡ።

ዛሬ ዕቁብ አላቸው። ባለፈው ሳምንት ባለቤቴ ታማ ተኝታ ሾርባ ይዛ የመጣችው ያቺ አራስ ናት፣ አሁን ልጇ ድክ ድክ ይላል። ጎረቤት ያመጣልን ልጃችን ነው። ይህን ጽሑፍ ሳነብላት "ጻፍላቸው" ያለችኝ እሷ ናት።

ሲስተር ነኝ
ሰኞ፣ ጠዋት 1:50

@ካዛንቺሴው ለልጅህ ከእኔ አንድ ጉርሻ።

የአንድ ልጅ እናት
ሰኞ፣ ጠዋት 4:22

እዚህ ስጽፍ የመጀመሪያዬ ነው።

ልጄ ኦቲዝም አለበት። 11 ዓመቱ ነው፣ ብዙ አይናገርም። የሌሎቹን እናቶች ወሬ ስሰማ "ልጄ እንዲህ አለኝ፣ ልጄ እንዲህ ብሎ ጠየቀኝ" ነው። እኔ የማወራው የለኝም ብዬ ዝም እላለሁ። ይህን ውይይት ሳነብ ግን የማወራው አገኘሁ።

ጠዋት ሥራ ልወጣ ስል ጫማዬ ሁልጊዜ አፉ ወደ በሩ ዞሮ ጎን ለጎን ተቀምጦ አገኘዋለሁ። እሱ ነው። ማታ ስገባ የማወልቀው እንደ ነገሩ ነው፣ አንዱ ወዲያ አንዱ ወዲህ። ይወስድና በጣቱ አፈሩን ያራግፋል፣ ያስተካክላል፣ ወደ በሩ ያዞረዋል። ማንም አላስተማረውም። ዝናብ ከጣለ ደግሞ ቦቲውን ነው የሚያወጣልኝ። መስኮት ላይ ቆሞ ሰማዩን አይቶ ይወስናል።

ድሮ እንዲህ ያሉ ልጆች ቤት ውስጥ ተደብቀው ነበር የሚያድጉት። ወይዘሮ ዘሚ የኑስ፣ ነፍሷን ይማር፣ የራሷን ልጅ ይዛ አደባባይ ወጥታ፣ ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን አቋቁማ መንገዱን ባትከፍትልን እኔም እዚህ አልጽፍም ነበር። እሷንም አመሰግናለሁ። ልጄን ግን ስለ ጫማው።

ልብስ ሰፊዋ (አራት ኪሎ)
ሰኞ፣ ቀን 6:30

የኔ እህት፣ ምሳ ሰዓት ላይ ነው ያነበብኩት። ሁለት ጊዜ ደገምኩት። የማወራው የለኝም ብለሽ እንዳትቀሪ፣ ሁሌ ጻፊልን። ዝናቡን አይቶ ቦቲ የሚያወጣ ልጅ ስንት እናት ናት ያላት?

ትልቋ
ሰኞ፣ ቀን 7:05

እማ፣ እኔ ነኝ። ቢሮ ሆኜ ነው የማነበው። ሰው እንዳያየኝ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬያለሁ።

ዓይንሽ እንደደከመ ያወቅኩት ክሩን ይዘሽ መስኮት ጋ ስትቆሚ ነው። ደጋግመሽ ትሞክሪና ስንመጣ ደጅ የምታዪ ትመስዪ ነበር። አንድ የረሳሽው ነገር አለ፣ መብራት ሲጠፋ ሻማ የሚይዝልኝ ማሙሽ ነው። ሰሙ እጁ ላይ እየፈሰሰ አይንቀሳቀስም ነበር። እሱንም ጨምሪው። ማታ ሽሮ ሥሪልኝ፣ እመጣለሁ።

የአምስት ኪሎዋ
ሰኞ፣ ማታ 1:40

እናትና ልጅ እዚሁ ተገናኛችሁ እኮ!

የኔው 12ኛ ክፍል ተፈታኝ ነበር። ከ2015 ወዲህ ዩኒቨርሲቲ ገብተው ነው የሚፈተኑት፣ ስልክም አይፈቀድም። ብርድ ልብሱን ጠቅልሎ ሄደ። እኔ ስለ ፈተናው ስጨነቅ፣ ምን በልቶ ይሆን ስል ዋልኩ። ማታ እራት ልሠራ ወጥ ቤት ስገባ ቤት ውስጥ ያለው ዕቃ ሁሉ ውሃ ተሞልቷል። ጀሪካኖቹ በሙሉ፣ ባልዲው፣ ድስቱ፣ የቡና ጀበናው ሳይቀር። የእኛ ሰፈር ውሃ በፈረቃ ነው፣ ሌሊት ነው የሚመጣው። ቀጂው እሱ ነው፣ እኔ ወገቤን ያመኛል። ለካ ከመሄዱ በፊት ሌሊቱን ሳይተኛ ሲቀዳ አድሯል። በማግስቱ እንቅልፍ ይዞት ነው የተሳፈረው።

ውጤቱ ምንም ይሁን ምን ብዬ ያን ቀን ማልኩ። ለነገሩ አልፏል። ግን ባያልፍም ያው ነበርኩ።

ታዛቢው
ሰኞ፣ ማታ 2:12

ሁሉንም አነበብኩ። በሰው ፊት የሚለው አሳቤ እንዳለ ነው። ቤት ውስጥ፣ ለብቻ፣ ነገሩን ጠቅሶ መንገሩ ላይ ግን ተስማምቻለሁ።

የእማማ ጸሐፊ
ሰኞ፣ ማታ 2:45

ሰላም። እኔ የልጅ ልጅ ነኝ። ፒያሳ ነው ያደግነው። ይህን ለአያቴ ሳነብላት "እኔም የምለው አለኝ፣ ጻፊ" አለችኝ። ከዚህ በታች ያለው የእሷ ነው፣ ምንም አልጨመርኩም።

"ልጆቼ፣ እንደምን አመሻችሁ። እኔ በደርግ ጊዜ ነው ልጆቼን ያሳደግኩ። ስኳሩም ዘይቱም በቀበሌ ሱቅ ነበር፣ በሰልፍ። ልጆቼ ናቸው ሰልፍ የሚይዙልኝ። ሌሊት ሄደው ድንጋይ አስቀምጠው ተራ ይይዛሉ። እኔ ስደርስ ከፊት ነኝ። እግዜር ይስጣቸው።

ቴሌቪዥን ያለው ሰፈሩ ላይ አንድ ቤት ነበር። አባባ ተስፋዬን ሊያዩ ሲሄዱ እግራቸውን ታጥበው ነው የሚገቡት፣ የሰው ምንጣፍ እንዳያቆሽሹ። እኔ እንጀራ ስለምጋግር አልሄድም። ሁለተኛው ልጄ ይመለስና ምድጃው አጠገብ ቁጭ ብሎ ተረቱን እንደገና ይነግረኛል። የጅቡን በጅብ ድምፅ፣ የጦጣውን በጦጣ ድምፅ። ጭሱ ዓይኑን እያቃጠለው። አንድም ቀን ሳይነግረኝ አልተኛም። በኋላ ብሔራዊ ውትድርና ሄደ። አልተመለሰም።

ስለ ተረቱ አመሰግነዋለሁ። በዚያ ቤት ስንት ዓመት እንጀራ ጋግሬያለሁ፣ የሚያስታውሰኝ ግን የእሱ ጅብ ነው።"

አያቴ ይህን ብላ ተኛች። እኔ አጎቴን በስም ብቻ ነው የማውቀው። ተረት ያወራ እንደነበር ማንም ነግሮኝ አያውቅም። ነገ ፎቶውን ላሳይሽ ብላኛለች፣ አንድ ብቻ ነው ያለው፣ አርጅቷል። ፒያሳ የምናውቃቸው ፎቶ ቤቶች ሰፈሩ ሲፈርስ ተበትነዋል። አሮጌ ፎቶ የሚያድስ የምታውቁ ካላችሁ ጠቁሙኝ።

ኡሚ ከቤኒን ሰፈር
ሰኞ፣ ማታ 3:02

እማማ፣ አላህ ጤናና ዕድሜ ይስጥዎ። ለልጅዎም ጀነትን።

እኔም ለልጄ ነግሬያታለሁ። "ታዲያ ነገም ልቀስቅስሽ? ረመዳን እኮ አይደለም" አለችኝና ሄዳ መጽሐፏን ከፈተች። ማታ ግን ሳትጠየቅ ዕቃ አጠበች።

የመሃል ልጅ
ሰኞ፣ ማታ 3:20

@የእማማ ጸሐፊ እኔ የኅትመት ሥራ ላይ ነኝ፣ ትንሽ ልምከርሽ። ፎቶው በፍሬም ውስጥ ከሆነ መጀመሪያ መስታወቱ ላይ መጣበቁን እዪ። ከተጣበቀ እንዳትነቅዪው! የፊቱ ቀለም ከመስታወቱ ጋር ይቀራል። ከነመስታወቱ ስካን ይደረግ። በውሃም በስፒሪቶም እንዳታጸጂው። ጀርባው ላይ የተጻፈ ነገር ካለ በስልክ አንሺው፣ ቀንና ቦታ ሊኖረው ይችላል። ስካኑን በትልቅ መጠን አስደርጊ፣ በኋላ የተቀደደውን ኮምፒውተር ላይ መሙላት ይቻላል። እኛ ጋ አምጪው፣ አላስከፍልሽም። አድራሻውን በውስጥ መስመር ልኬልሻለሁ።

የእማማ ጸሐፊ
ማክሰኞ፣ ጠዋት 2:15

እግዚአብሔር ይስጥልኝ ወንድሜ። አየሁት፣ ተጣብቋል። አልነካነውም። ጀርባው ላይ "ለእማዬ" ይላልና ከሥሩ ያለው ደብዝዟል፣ በስልክ አንስቼዋለሁ። ረቡዕ ከሰዓት ይዘነው እንመጣለን። እኔ ብቻዬን ልመጣ ነበር፣ አያቴ ግን "ልጄን ለሰው እጅ አልሰጥም፣ ራሴ ነኝ የምይዘው" ብላለች። ደረጃ ካለው ቀድመህ ንገረኝ፣ ጉልበቷን ያማታል።

የመሃል ልጅ
ማክሰኞ፣ ጠዋት 2:31

ምድር ቤት ነን። ወንበር አዘጋጃለሁ።